ለሲኤንሲ ራውተራችሁ ድራይቨር፣ ፓወር ሰፕላይና ቦርድ ስትመርጡ

ብዙ ሰው ሲኤንሲ ራውተር፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫና መቅረጫ ማሽን፣ ልሥራ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚገዛው ማሽኑን የሚያዝዘውን ቦርድ ነው። ከዚያ ለቦርዱ የሚሆን ድራይቨር (የቦርዱን ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን የሚነዳው)፣ ለድራይቨሩ የሚሆን ሞተር ማፈላለግ ይጀምራል። እኔ የምላችሁ ከሌላው ጫፍ ጀምሩ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ፣ ከዚያ ሞተሩ፣ ከዚያ ድራይቨሩና ፓወር ሰፕላዩ፣ ቦርዱ በመጨረሻ። ቦርድ ቆይቶ መቀየር ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ድራይቨር በዋናነት የሚልከው ሁለት ምልክት ነው፤ አንዱ «አንድ ስቴፕ ሂድ» የሚል፣ ሌላው «በዚህ አቅጣጫ» የሚል። ይህን የሚችል ቦርድ ሞልቷል። ሞተሩና ቮልቴጁ ካልተጣጣሙ ግን የትኛውም ቦርድ አያድናችሁም።

መጀመሪያ ሞተሩን አንብቡ

እንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ በብዛት የሚገባው በትንንሽ እርምጃ፣ በስቴፕ፣ የሚዞረው ስቴፐር ሞተር ነው፣ ኔማ 17 ወይም ኔማ 23። ቁጥሩ የሞተሩን ፊት ስፋት እንጂ ጉልበቱን አይናገርም። 17ቱ 42 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ 23ቱ 57። ለትንሽ ማሽንና ለቀላል ቅርጽ ማውጫ 17ቱ ይበቃል። እንጨት በወጉ የሚቆርጥ፣ አልፎ አልፎም አሉሚኒየም የሚነካ ማሽን ከሆነ ግን 23ቱን ያዙ።

ሻጮች ጎላ አድርገው የሚጽፉት የመያዣ ጉልበቱን ነው። 1.9 ኒውተን ሜትር፣ 3 ኒውተን ሜትር ይላሉ። ልብ በሉ፣ ይህ ሞተሩ ቆሞ እያለ ያለው ጉልበት ነው። መዞር ሲጀምር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይወርዳል። ምክንያቱ ኢንዳክታንስ ነው። የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ በውስጡ ያለው ከረንት በድንገት እንዲለወጥ አይፈቅድም። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ከረንቱ ሞልቶ ሳይጨርስ የሚቀጥለው ስቴፕ ይደርሳል፣ ስለዚህ ጉልበቱ ሳይወጣ ይቀራል። ለዚህ ነው ኢንዳክታንሱ ከፍ ያለ ባለ 3 ኒውተን ሜትር ሞተር፣ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ኢንዳክታንሱ ዝቅ ካለ ትንሽ ሞተር ሊያንስ የሚችለው።

መድኃኒቱ ቮልቴጅ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ከረንቱ ቶሎ ይሞላል። ምን ያህል ከፍ ይበል ለሚለው ሠሪዎች የሚጠቀሙባት አንዲት ስሌት አለች፦ የሞተሩን ኢንዳክታንስ በሚሊሄንሪ ውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ32 አባዙ። 1 ሚሊሄንሪ ከሆነ 32 ቮልት፣ 2 ከሆነ 45 ገደማ፣ 4 ከሆነ 64 ቮልት ይመጣል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ከዚያ በላይ ሞተሩን ማሞቅ ብቻ ነው ትርፉ። እዚህ ላይ ደስ የሚለው ነገር፣ 4 ሚሊሄንሪ የሆነ ሞተር በ24 ቮልት ብታንቀሳቅሱት ለምን እንደሚንቀረፈፍ አሁን ገብቷችኋል ማለት ነው። ስለዚህ ሞተር ስትገዙ ኢንዳክታንሱ ያልተጻፈበትን እለፉት። ባለ አራት ሽቦ ይሁን፣ ኢንዳክታንሱም ከ4 ሚሊሄንሪ በታች ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ሞተሩ ላይ 3.2 ቮልት የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፣ እኔ ደግሞ 36 ቮልት ስጡት እላለሁ። አይቃጠልም። 3.2 ቮልት ማለት የሽቦው ሬዚስታንስ በከረንቱ ሲባዛ የሚመጣው ነው። የዛሬ ድራይቨሮች ከረንቱን እየለኩ በሴኮንድ ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያበራሉ ያጠፋሉ፣ ስለዚህ ሞተሩ ከተወሰነለት አምፔር አያልፍም። ሞተሩን የሚጠብቀው ድራይቨሩ ላይ የምታስተካክሉት አምፔር ነው።

ድራይቨር

ኤ4988 እና ዲአርቪ8825 የሚባሉት ትንንሾቹ፣ አርዱዊኖ በሚባለው ትንሽ ቦርድ ላይ በሚሰካ ተጨማሪ ሰሌዳ የሚመጡት፣ ለኔማ 23 አይሆኑም። ኤ4988 ያለ ማቀዝቀዣ 1 አምፔር ገደማ ነው የሚችለው። ዲአርቪ8825 እስከ 1.5 ገደማ ይሄዳል። ባለ 2.8 አምፔር ሞተር ብታስሩባቸው ይግላሉ፣ ራሳቸውን ለመጠበቅ ለአፍታ ይዘጋሉ፣ ማሽናችሁም መሃል ሥራ ላይ ስቴፕ ይጥላል። ቲኤምሲ2209 ጸጥታው ልብ ይማርካል፤ ግን ጣሪያው 29 ቮልት ነው፣ ስለዚህ እሱም ለትንሽ ማሽን ነው።

ቲቢ6600 ተብሎ የሚሸጠው ርካሹ ሳጥን መሃል ላይ አለ። ክዳኑ ላይ 4 አምፔርና 42 ቮልት ይላል። ችግሩ ከሻጭ ሻጭ ውስጡ ያለው ቺፕ ይለያያል፣ አንዳንዱ 4 አምፔር የማይደርስ ነው። በ24 ቮልት ቀለል ላለ ሥራ ያገለግላል። እኔ ግን ገንዘባችሁን ትንሽ ጨምራችሁ ዲኤም542 ዓይነት ዲጂታል ድራይቨር ብትይዙ እመርጣለሁ። ከ20 እስከ 50 ቮልት ይቀበላል፣ ከፍተኛው 4.2 አምፔር ነው፣ ሞተሩም በጣም ለስለስ ብሎ ይዞራል። ከማሽኑ ሁሉ ላትቆጥቡበት የሚገባ ቦታ ካለ ይሄ ነው።

የዲኤም542 ጎን ላይ ያለውን ሰንጠረዥ በጥንቃቄ እዩት። ሁለት ዓምድ አለው። አንዱ የጫፍ ከረንት ነው፣ ሌላው ከሱ ዝቅ የሚለው፣ አርኤምኤስ የሚባለው። 2.84 የሚለው መስመር አርኤምኤሱ 2.03 ብቻ ነው፣ 3.76 የሚለው ደግሞ 2.69። ባለ 2.8 አምፔር ሞተር ካላችሁ በ2.84ቱ ጀምሩ፣ ሥራ አሠሩት፣ ሙቀቱን እዩ፣ ጉልበት ካነሰ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ስቴፐር እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት መሞቁ ያለ ነገር ነው፣ ግን ያለ ምክንያት ማሞቁ ምንም አይጨምርላችሁም። ሞተሩ ቆሞ ሲጠብቅ ከረንቱን በግማሽ የምትቀንስ ስዊች አለች፣ ኤስደብሊው4 የምትባለው፤ የምትቀንሰው ኦፍ ላይ ስትሆን ነው፣ እዚያ ላይ አድርጓት።

ኤንኮደር (የዞረበትን የሚለካ መሣሪያ) ያለው ስቴፐር፣ ክሎዝድ ሉፕ የሚባለው፣ ይግዛ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አቅሙ ካላችሁ አዎ። ሞተሩ ከታዘዘው ቦታ ሲቀር ለማካካስ ይሞክራል፣ ካልቻለ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ዋናው ጥቅሙ ያ ማስጠንቀቂያ ነው። የማስጠንቀቂያውን ሽቦ ከቦርዱ ጋር ካላገናኛችሁት አንዱ ሞተር ቆሞ ሌሎቹ እንጨታችሁን መፍጨት ይቀጥላሉ።

ፓወር ሰፕላይ

ድራይቨሩ 50 ቮልት ይችላል ተብሎ 48 አይሰጠውም። ከባድ ጋንትሪ፣ ማለትም ቢላውን ተሸክሞ የሚሄደው ድልድይ፣ በድንገት ሲቆም ሞተሩ ለአፍታ ጄኔሬተር ይሆናል፣ ኃይሉ ተመልሶ ወደ ድራይቨሩ ይገባል፣ ቮልቴጁ ይዘላል። ለዲኤም542 36 ቮልት ምቹ ነው። አምፔሩን ለማግኘት የሞተሮቹን ከረንት ደምራችሁ ሁለት ሦስተኛውን ውሰዱ። ባለ 2.8 አምፔር አራት ሞተር 11.2 ነው፣ ሁለት ሦስተኛው 7.5 ገደማ። ስለዚህ ባለ 36 ቮልት 10 አምፔር በደንብ ይበቃል። ከፓወር ሰፕላዩ ለእያንዳንዱ ድራይቨር የራሱን ሽቦ ዘርጉ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ አታንጠላጥሉ። መብራት እያለ የሞተር ሽቦ አትንቀሉ፣ ድራይቨር የሚቃጠልበት ፈጣኑ መንገድ እሱ ነው።

አሁን ፐልስ (የስቴፕ ምልክት) እንቁጠር

ቦርድ ከመምረጣችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። ሞተሩ በአንድ ዙር 200 ስቴፕ አለው። ድራይቨሩን በ8 ማይክሮስቴፕ ብታደርጉት፣ ማለትም አንዱን ስቴፕ ለ8 ቢከፍለው፣ 1600 ይሆናል። በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚሄድ ቦል ስክሩ (ማሽኑን የሚገፋ ጥምዝምዝ ዘንግ) ካላችሁ፣ 1600 ለ5 ሲካፈል 320 ፐልስ በሚሊሜትር። በደቂቃ 5000 ሚሊሜትር መሄድ ብትፈልጉ በሴኮንድ 83.3 ነው፣ በ320 ሲባዛ 26,700 ገደማ ፐልስ በሴኮንድ። ጂአርቢኤል የሚባለው የማሽን መምሪያ ፕሮግራም በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ ሲሠራ ጣሪያው 30,000 አካባቢ ነው። ለጥቂት ገባ። ያንኑ በ16 ማይክሮስቴፕ ብታደርጉት 53,000 ያልፋል፣ አርዱዊኖው አይደርስበትም። በቤልት የሚሄድ ማሽን ከሆነ፣ ጥርሶቹ በ2 ሚሊሜትር የሚራራቁ ባለ 20 ጥርስ ፑሊ በአንድ ዙር 40 ሚሊሜትር ይሄዳል፣ በ8 ማይክሮስቴፕ 40 ፐልስ በሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ምንም ጭንቀት የለውም።

ማይክሮስቴፕ ሲበዛ ልኬቱ ይጠራል ብላችሁ አትገፉት። ለስላሳነት ይጨምራል እንጂ ሞተሩ ጭነት ላይ ሆኖ እያንዳንዷን ክፋይ በትክክል አይዝም። 8 ወይም 10 ጥሩ ነው።

ቦርዱ

አርዱዊኖና ጂአርቢኤል ሦስት አክሲስ (የመንቀሳቀሻ አቅጣጫ) ላለው ቀላል ማሽን ዛሬም ይሠራሉ፣ ለመማርም ግሩም ናቸው። ለአዲስ ማሽን ግን ባለ 32 ቢት ቦርድ ውሰዱ። ኢኤስፒ32 በሚባለው ቺፕ ላይ የሚሠራው ፍሉይድኤንሲ ከሆነ፣ ፕሮግራሙን ሳትነኩ ቅንብሩን በአንድ ፋይል ነው የምትጽፉት። ከጂአርቢኤል የተወለደው ግርብልሃል ደግሞ እንደ ቲንሲ 4.1 ባሉ ፈጣን ቦርዶች ላይ ይሠራል። የፐልስ ጣሪያው ከአርዱዊኖው በጣም ስለሚርቅ ከላይ ያለው ስሌት አያስጨንቃችሁም። በኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሊኑክስሲኤንሲ ሜሳ ከሚባለው ድርጅት የኢተርኔት ካርድ ጋር ሲሆን ከሁሉም ኃይለኛ ነው፣ ነገር ግን ማሽን መሥራትን ገና እየተማራችሁ ከሆነ ቅንብሩ ጊዜያችሁን ይበላል። ማክ3 የሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም በፓራለል ፖርት አሮጌ ኮምፒውተርና ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ እጃችሁ ላይ ከሌለ ፈልጋችሁ አትግዙለት።

ቦርዱን ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ጋንትሪውን ከግራና ከቀኝ ሁለት ሞተር የሚገፋው ከሆነ፣ ለእያንዳንዳቸው የየራሱ የምልክት መውጫና የየራሱ ሊሚት ስዊች (ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ የሚነካው) ይኑር፤ ያኔ ማሽኑ ሲነሳ ጋንትሪውን ራሱ ቀጥ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ የስዊች መግቢያዎቹ በኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን በሚያሻግር ቺፕ) የተለዩና 24 ቮልት የሚቀበሉ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ወደ ድራይቨሩ የሚወጣው ምልክት ስንት ቮልት ነው? ኢኤስፒ32 የሚያወጣው 3.3 ነው፣ ብዙ ድራይቨር የሚጠብቀው 5። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ስቴፕ ይጠፋል፣ እናንተ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ብሎን ስታጠብቁ ትከርማላችሁ። መሃል ላይ 3.3ቱን ወደ 5 የሚያደርስ እንደ 74ኤችሲቲ245 ያለ ቺፕ ያለው ቦርድ ከሆነ ችግሩ የለም። 24 ቮልት ምልክት የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ድራይቨሩ ራሱ ካልተቀበለው ሬዚስተር ያስፈልገዋል፣ መመሪያውን ሳታነቡ አትሰኩ።

ሽቦ

ስፒንድሉ፣ ማለትም ቢላውን የሚያዞረው ሞተር፣ በቪኤፍዲ (የፍጥነት መቆጣጠሪያ) የሚሠራ ከሆነ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ረብሻ ያወጣል። የስፒንድሉ ኬብል ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን) ያለው ይሁን፣ ከሊሚት ስዊቾቹና ከዩኤስቢው ኬብል ይራቅ። የስዊቾቹን ሺልድ በአንድ ጫፍ ብቻ፣ በሳጥኑ በኩል፣ ከመሬት ጋር እሰሩት። ስዊቾቹን ሳይነኩ ዝግ እንዲሆኑ አድርጋችሁ አያይዙ። ሽቦ ከተበጠሰ ማሽኑ ያኔውኑ ያውቃል። በሌላው አያያዝ ግን የተበጠሰውን የምታውቁት ጋንትሪው ጫፍ ሲጋጭ ነው።

ቀዩ የድንገተኛ ማቆሚያ ቁልፍ ለሶፍትዌር መልእክት የሚልክ ብቻ እንዳይሆን። በኮንታክተር (ከባድ ኃይል በሚቆርጥ ስዊች) የሞተሮቹን ፓወር ይቁረጥ፣ ስፒንድሉንም ያስቁም። ሶፍትዌሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው የምትፈልጉት።

ስትሞክሩ

ሞተሮቹን ማሽኑ ላይ ከማሰራችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አዙሯቸው። ከዚያ አስራችሁ ፍጥነቱንና አክስለሬሽኑን በየተራ ከፍ እያደረጋችሁ ሞተሩ እስኪቆም ሞክሩ። የቆመበትን ቁጥር ያዙና ከሱ ሲሶ ያህል ዝቅ በሉ፤ ቢላው እንጨት ውስጥ ሲገባ ያ ትርፍ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን መራራቅን የሚለካ ባለ መርፌ መሣሪያ) አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉት፣ ማሽኑን ወዲያና ወዲህ ብዙ ጊዜ በፍጥነት አመላልሱት፣ ወደ ዜሮ መልሱት። መርፌው ቦታው ላይ ከሆነ ጨርሳችኋል። አንዴ ብቻ በብዙ ርቆ ከሆነ ጉልበት አንሶ ወይም ረብሻ ገብቶ ነው። ሁልጊዜ በአንድ በኩል፣ በተመላለሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ የሚሸሽ ከሆነ ግን ሞተሩን ተዉት፤ አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር አንዲት ማይክሮስቴፕ እየጠፋች ነው። ድራይቨሩ የአቅጣጫው ምልክት ከፐልሱ 5 ማይክሮሴኮንድ ያህል ቀድሞ እንዲደርስ ይፈልጋል፣ ፐልሱ ተገልብጦ ከተያያዘ ሁለቱ አንድ ላይ ይደርሳሉ። ጂአርቢኤል ላይ $2 የሚለውን ቅንብር ለዚያ አክሲስ ገልብጡና ያንኑ ሙከራ ድገሙት።