«በማርስ ላይ ሕይወት ተገኘ» የሚል ዜና እንዴት ይመዘናል?

ማርስ ላይ ሕይወት ስለመኖሩ የሚነገር ዜና በየጥቂት ዓመቱ ይነሣል፤ ጥቂት ቀን መነጋገሪያ ይሆንና ይቀዘቅዛል። አንባቢም ወይ ሁሉን አምኖ ይደነቃል፣ ወይ ሁሉን ውሸት ነው ብሎ ይተወዋል። ዜናውን ጥቂት ጥያቄዎች እየጠየቁ ቢያነቡት ግን ምን ያህል ክብደት እንደሚገባው ራስዎ መወሰን ይችላሉ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድመው በመሣሪያ የተለካውን ነገር ከተሰጠው ትርጓሜ ይለዩ። ፐርሲቪራንስ የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ በ2024፣ ወደ ጄዜሮ ጉድጓድ ይፈስ በነበረ ጥንታዊ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ፣ ቼያቫ ፎልስ የሚል ስም በተሰጠው ዐለት ላይ ጠርዛቸው የጠቈረ ነጠብጣቦች አገኘች። በ2025 የታተመው ጥናት እንደሚገልጸው መሣሪያዎቿ የለኩት ኦርጋኒክ ካርቦንን (የሕያዋን አካል የሚገነባበት፣ ግን ያለ ሕይወትም ሊፈጠር የሚችል ዐይነት) እንዲሁም ቪቪያናይትና ግሬጋይት ከሚባሉት የብረት ማዕድናት ጋር የሚስማማ ኬሚካላዊ ይዘትን ነው። በምድር ላይ እንዲህ ያሉ ማዕድናት ረቂቅ ተሕዋስያን በጭቃ ውስጥ የተቀበረ ብስባሽ ሲመገቡ ሊፈጠሩ ይችላሉ። እስከዚህ ያለው ልኬት ነው፤ «በማርስም ተሕዋስያን ነበሩ» የሚለው ግን ትርጓሜ ነው። ናሳ ራሱ ግኝቱን የጠራው የሕይወት አሻራ ሊሆን የሚችል ምልክት ብሎ ሲሆን፣ «ሊሆን የሚችል» የሚለው ሐረግ ከጥናቱ ወደ ዜና አርዕስት ሲሻገር ብዙ ጊዜ ተንጠባጥቦ ይቀራል።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ ጊዜዎን ሊሰጡት የሚገባውም እሱ ነው፦ የታየው ነገር ያለ ሕይወት ሊፈጠር አይችልምን? በ1984 አንታርክቲካ ውስጥ የተገኘው ኤ.ኤል.ኤች. 84001 የተባለ ከማርስ የመጣ ድንጋይ እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1996 የናሳው ተመራማሪ ዴቪድ ማኬይና ባልደረቦቹ በድንጋዩ ውስጥ ኦርጋኒክ ውህዶች፣ ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ደቃቅ ክሪስታሎችና ትል የሚመስሉ ቅርጾች አገኘን ብለው የጥንት ሕይወት ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉ ሲያስታውቁ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ መግለጫ ሰጡ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች ግን ምልክቶቹ እያንዳንዳቸው ያለ ሕይወት ሊፈጠሩ እንደሚችሉ ስላሳዩ፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ድንጋዩን እንደ ማስረጃ መቍጠር ትተዋል።

በአፋር የሚገኘው ዳሎልም ተመሳሳይ ክርክር አስነሥቷል። ስፍራው በአሲድነቱ፣ በጨዋማነቱና በሙቀቱ ምክንያት ተመራማሪዎች ከጥንታዊት ማርስ ጋር ያነጻጽሩታል። በ2019 አንድ ቡድን በዚያ እጅግ ደቃቃ ተሕዋስያን አገኘሁ ሲል፣ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን አሲዱም ጨውም በበረታባቸው ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት እንዳላገኘና በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች መኖራቸውን ገለጸ። ናሙናው በእጅ ተይዞ፣ ቤተ ሙከራውም ተሟልቶ ይህን ያህል ካከራከረ፣ አንዲት ተሽከርካሪ በሌላ ፕላኔት ላይ በያዘቻቸው ጥቂት መሣሪያዎች ብቻ ክርክሩን ትቋጫለች ብሎ መጠበቅ የሚገባ አይመስለኝም።

ከዚያም ሌላ መሣሪያ ግኝቱን ይደግፈው እንደሆነ ይመልከቱ። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት ሁለቱ የቫይኪንግ መንኮራኩሮች አፈሩ ላይ ሬዲዮአክቲቭ ካርቦን ያለበት ምግብ ሲያንጠባጥቡበት ጋዝ ወጣ፤ አፈሩ አስቀድሞ በብርቱ ሲሞቅ ግን ጋዙ ቆመ። ይህም ሕይወት ካለው አፈር የሚጠበቅ ነበር። ሆኖም ኦርጋኒክ ውህዶችን የሚፈልገው ሌላው መሣሪያ ያገኛቸው ጥቂት ክሎሪን ያለባቸው ውህዶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ከምድር የሄዱ የማጽጃ ኬሚካል ቅሪቶች ናቸው ስለተባለ፣ ጋዙ የሕይወት ምልክት መሆኑ አጠራጠረ። በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር በአፈሩ ውስጥ ፐርክሎሬት ስታገኝ ነገሩ እንደገና ተከፈተ፤ ይህ ጨው ሲሞቅ ኦርጋኒክ ውህዶችን ያቃጥላልና፤ የቫይኪንጉ መሣሪያ ደግሞ አፈሩን እያሞቀ ነበር የሚመረምረው። ጋዝ የወጣበት የቫይኪንግ ሙከራ መሪ ጊልበርት ሌቪን በ2021 እስኪሞት ድረስ ሕይወት አግኝተናል ከሚለው አቋሙ አልወረደም፤ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ ግን አልተቀበሉትም። በምድር ላይ በአብዛኛው ከሕያዋን የሚወጣው የሜቴን ጋዝም ጉዳይ እንዲሁ ነው፦ ኪዩሪኦሲቲ የተባለችው ሌላዋ የናሳ ተሽከርካሪ ጌል በተባለው ጉድጓድ ውስጥ ጋዙን ስትለካ፣ ከላይ የምትዞረው የአውሮፓውያንና የሩሲያ መንኮራኩር ልታገኘው አልቻለችም።

ዜናው የሚናገረው ስለ ጥንት ነው ወይስ ስለ ዛሬ የሚለውንም አይለፉት። ከ3 ቢሊዮን ዓመታት በፊት በማርስ ላይ ወንዞችና ሐይቆች ነበሩ፤ የዛሬው ገጽታዋ ግን ቀዝቃዛና በጨረር የሚመታ ሲሆን የአየሯም ግፊት ከምድር 1 በመቶ አይሞላም። ስለዚህ «አሁን ገጽዋ ላይ ሕያው ነገር አለ» የሚል ዜና «ጥንት ነበረ» ከሚለው የበረታ ማስረጃ ይጠየቃል።

በመጨረሻ ግኝቱን ደረጃ ይስጡት። በ2021 በጄምስ ግሪን የተመራ የናሳ ቡድን ባለ 7 እርከን መመዘኛ አቅርቧል፤ የመጀመሪያው እርከን ምልክቱን ማየት ብቻ ሲሆን፣ የታወቁ ሕይወት አልባ ምክንያቶችን ሁሉ ማስወገድ 4ኛው፣ በሌላ ነፃ ምልከታ ማረጋገጥ ደግሞ የላይኛው ነው። እስካሁን የላይኞቹ እርከኖች ላይ የደረሰ የማርስ ግኝት የለም። ከቼያቫ ፎልስ የተቈፈረው ናሙናም በታሸገ ቱቦ ውስጥ ሆኖ ማርስ ላይ ቈይቷል፤ ይህ ዐለት ዳግም በዜና ሲነሣ በቅድሚያ የሚፈትሹት ናሙናው ምድር ደርሶ በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ተመርምሮ እንደሆነ ይሁን። ካልደረሰ፣ የሚያነቡት የቀድሞው ልኬት አዲስ ትርጓሜ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።