ፈተና ላይ ሁሉም ነገር ለሚጠፋባችሁ

ያጠናችሁት ሁሉ ፈተና ክፍል ስትገቡ ብን ብሎ ይጠፋል? ስንፍና አይደለም። አሜሪካዊው የነርቭ ሳይንቲስት ብሩስ ማክኢወን እና ባልደረቦቹ በ1968 እ.ኤ.አ. አይጦች ላይ ያዩት ነገር አለ። የጭንቀት ሆርሞን ሄዶ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ላይ ይሰፍራል። ለማስታወስ ዋናው ቦታ ደግሞ እሱ ነው።

እና ደብተሩን አሥር ጊዜ አታንብቡ። አንዴ አንብቡና ዝጉት። ያስታወሳችሁትን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። የጎደለውን ብቻ ገልጣችሁ እዩ፤ በማግስቱ ድገሙት። በ2016 እ.ኤ.አ. የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሞክሩት፣ እንዲህ ያጠኑት ሰዎች ቢጨነቁም የማስታወስ አቅማቸው አልቀነሰም። ደግመው ያነበቡት ግን ተቸግረዋል። መጀመሪያ ያበሳጫል፣ ምንም የማታውቁ ይመስላችኋል። እኔማ ስንት ዓመት ገጹን ሁሉ ቢጫ ስቀባ ኖርኩ!