የአየር ሜርኩሪ ብክለትን በጂኦስ-ኬም ሞዴል ለማጥናት

ከወርቅ ማውጫ ወይም ከድንጋይ ከሰል ማመንጫ የወጣ ሜርኩሪ የት እንደሚወርድ በመለኪያ ጣቢያዎች ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ጣቢያዎቹ ጥቂት ናቸውና። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚረዱት የኮምፒውተር ሞዴሎች አንዱ በነጻ የሚገኘው ጂኦስ-ኬም ነው።

በቅድሚያ የጥናቱ ጥያቄ በግልጽ መቀመጥ አለበት። ንጥረ ነገራዊው ሜርኩሪ በጋዝ መልክ ለወራት አየር ላይ ስለሚቆይ ከአህጉር አህጉር ይጓዛል፤ ኦክሳይድ የሆነው ግን በውሃ ስለሚሟሟ ከዝናብ ጋር ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ ሞዴሉ ዓለምን የሚከፋፍልበት 4 በ5 ዲግሪ ፍርግርግ ለዓለም አቀፍ ዝውውር ቢበቃም፣ በአንድ ፋብሪካ ዙሪያ ያለውን ብክለት ለማጥናት አይሆንም፤ አንዱ ክፍል ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሸፍናልና።

ለአየር ጠባይ መረጃ ሜራ-2 የተባለው የናሳ የመረጃ ስብስብ ያገለግላል። የልቀት መረጃው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2015 ሰዎች ወደ አየር የለቀቁትን ሜርኩሪ 2,220 ቶን ገደማ ሲገምት፣ 38 በመቶ ያህሉን ለባህላዊና አነስተኛ ወርቅ አምራቾች ሰጥቷል። ብዙ ጀማሪዎች ድምሩን ብቻ ይመለከታሉ፤ እኔ ግን ልቀቱ በየትኛው መልክ እንደወጣ መመርመሩን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም በምንጩ አቅራቢያ የሚወርደው መጠን በዚሁ ይወሰናል።

ሞዴሉ እንደተነሳ የሚሰጠው ውጤት አይታመንም። የአንዱ ዓመት አማካይ ከቀደመው ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ሞዴሉን ለጥቂት የስሌት ዓመታት ማስኬድና እነዚያን ዓመታት ከትንተናው ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ውጤቱ ከመለኪያ ጋር ይነጻጸራል፦ ንጥረ ነገራዊው ሜርኩሪ በሰሜን ንፍቀ ክበብ በሜትር ኩብ 1.5 ናኖግራም አካባቢ፣ በደቡብ ደግሞ ወደ 1 ናኖግራም ይጠጋል። ይህ መግጠሙ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ የተጋነነ ልቀትና የተጋነነ የመውረድ ፍጥነት ተካክሰው ትክክለኛ የሚመስል አማካይ ሊሰጡ ይችላሉና። በዝናብ የወረደው መጠንና የወቅቶች ልዩነትም አብረው መታየት አለባቸው።

የአንድን ምንጭ ድርሻ ለማወቅ ልቀትን በሚያሰላው የሞዴሉ ክፍል፣ በሄምኮ፣ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የዚያ ምንጭ ልቀት ይዘጋል፤ ሌላው ሁሉ ሳይነካ ሞዴሉ ዳግም ይሄድና የሁለቱ ሩጫዎች ልዩነት ይሰላል። ልዩነቱ የሚያሳየው ግን የቅርቡን ውጤት ብቻ ነው። ባለፉት ዘመናት በውቅያኖስና በአፈር የተከማቸው ሜርኩሪ ተመልሶ ወደ አየር ስለሚወጣ፣ የሜርኩሪ ብክለትን ለመቀነስ የተደረሰው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት የሚያመጣውን የአሥርት ዓመታት ለውጥ የሚያጠና ሰው የአየሩን ሞዴል ከውቅያኖስና ከአፈር ሞዴል ጋር ማጣመር ይኖርበታል።