የአሮጌ አይሱዙ መሪ ሲከብድ፦ ፓምፕ ከመግዛት በፊት የሚፈተሹ ነገሮች

ከጎንደር በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርድ ወይም ከአዘዞ ታጥፎ ሰሊጥ ሊጭን መተማ የሚሄድ መኪና መሪው ከከበደ፣ ጥገናው ለነገ አይባልም። ጠባብ መታጠፊያ ላይ መሪው በጊዜ ካልዞረ ቀጥሎ ያለው ገደል ነው። ቢሆንም መሪ በከበደ ቁጥር ጥፋተኛው የመሪውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ አይደለም። ፓምፕ ውድ ስለሆነ ፍተሻው ከርካሹ ይጀምር። መጀመሪያ የፊት ጎማዎች አየር የመኪናው ፋብሪካ ካዘዘው ልክ ጋር ይመሳከር፤ ጎማው ከጎደለ ወይም ጭነቱ ወደ ፊት ከበዛ መሪውን በዘይት ግፊት የሚያቀለው ፓወር ደህና ቢሆንም ይከብዳል።

ሁልጊዜ ይከብዳል፣ ከታጠፈ በኋላም መሪው ራሱ አይመለስም

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ሳይሆን የፔርኖ፣ ማለትም የፊት ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ወፍራም ፒን ችግር ነው። የኋላ ጎማዎችን ታኮ አድርጉ፣ ፊቱን በክሪክ አንስታችሁ በጠንካራ ድጋፍ ላይ አሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ከዚያ የመሪ ሳጥኑን ክንድ ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ፍቱና ጎማዎቹን በእጅ ግራና ቀኝ ግፉ። ጎማው በእጅ ከከበደ ፓወሩ ንጹሕ ነው። ክረምት ጭቃና ውኃ ግራሶውን አጥቦ ስለሚያወጣው ፔርኖ ይደርቃል።

ግራሶ የሚሰጠው ፊቱ እንደተነሣ ነው። መኪናው በጎማው ቆሞ ከተሰጠ ክብደቱ የታችኛውን ኩሽኔታ ስለሚጫነው ግራሶው እዚያ አይደርስም። አሮጌው ከላይም ከታችም ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ስጡ። ጨርሶ አልገባም ካለ ቡሹ ደርቆ ይዟል፤ ፔርኖው ወጥቶ ይለወጥ።

በሚኒሞ (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲዞር) ይከብዳል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ይቀላል

ወደ መሪ ሳጥኑ የሚሄደው ዘይት አንሷል። መጠኑን በማጠራቀሚያው ምልክት እዩና ትንሽ በጣት ነክታችሁ አሽትቱ። ጤነኛ ኤቲኤፍ (ለፓወር መሪ የሚሞላው ዘይት) ቀይና ግልጽ ነው። ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ አርጅቷል፣ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። በማጠራቀሚያው ውስጥ ፊልትሮ ካለ አውጥታችሁ እጠቡ ወይም ቀይሩ። ፓምፑ በቺንጋ የሚዞር ከሆነ ቺንጋው መሃሉ በአውራ ጣት ሲጫን ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙ ያልዘለለ ይርገብ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የፓምፑ የፍሰት ቫልቭ ተጣብቆ ይሆናል። ከዘይት መውጫው አካባቢ ካለው ትልቅ ዳዶ ጀርባ ከነሞላው ይገኛል። አውጥታችሁ በንጹሕ ናፍጣ እጠቡት፤ ቤቱ ውስጥ ሲመለስ በራሱ ክብደት መንሸራተት አለበት። በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፣ ከተላጠ ግፊት ያባክናል። ኃይል ይጨምራል ብሎ ከሞላው ጀርባ ራንዴላ መክተት ግፊቱን ከልክ በላይ ያወጣና ቱቦ ያፈነዳል።

ሲዞር ይጮሃል፣ ዘይቱም አረፋ ይሠራል

አየር ገብቷል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሞተሩ እንደጠፋ በማጠራቀሚያው ያለው ዘይት በግልጽ ከፍ ካለ፣ ታምቆ የነበረው አየር እየሰፋ ነው። የሚጠረጠረው ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚሄደው የመሳቢያ ቱቦ ነው። ማሰሪያው ከላላ አየር ይስባል እንጂ ዘይት ላያንጠባጥብ ስለሚችል ብዙዎች ያልፉታል። በውስጥ ጎማ ቁራጭ መጠቅለል አያዋጣም፤ ዘይት የሚችል ቱቦ ግዙ።

አየሩን ለማውጣት ፊቱን አንሡ። ሞተሩን ሳታስነሱ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ10 እስከ 15 ጊዜ አዙሩ፣ ረዳቱ ዘይት ይጨምር። ቀጥሎ ሞተሩን አስነሥታችሁ በሚኒሞ ድገሙት። ጫፍ ላይ ከ5 ሰከንድ በላይ ይዞ መቆየት ፓምፑን ያቃጥላል።

ዘይት ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም

በብዙ አይሱዙዎች ፓምፑ የሚዞረው በሞተሩ ጥርስ ነው። የዘንጉ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) ሲያልቅ የመሪው ዘይት ወደ ሞተር ይገባል። የሞተሩን ዘይት መለኪያ ሳቡ፦ ከልኩ በላይ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ፓራኦሊዮው ይለወጥ፣ የሞተሩ ዘይትም ይቀየር፤ የተቀላቀለ ዘይት የሞተሩን ኩሽኔታዎች ያበላሻል።

ጠዋት ደህና ነው፣ ቆላ ሲወርድ ይከብዳል

ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ያረጀ ፓምፕም ቀጭን ዘይት መያዝ አይችልም። ጎንደር ደጋው ላይ ደህና መስሎ መተማ ሙቀት ውስጥ የሚጋለጠው ለዚህ ነው። ፓምፑን መጠርጠር የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ከመግዛት በፊት ግን በግፊት መለኪያ ይረጋገጥ። የመለኪያው ቫልቭ የሚዘጋው ቢበዛ ለ5 ሰከንድ ነው። ግፊቱ ከፋብሪካው ልክ ካነሰ ፓምፑ፣ ልኩን ከሞላ ደግሞ ጥፋተኛው የመሪ ሳጥኑ ነው። ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚከብድ መሪም አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

የፍሬን ዘይት በምንም ምክንያት አትጨምሩ፣ ጎማ ማኅተሞቹን ያሳብጣል። ኤቲኤፍ ዴክስሮን 3 ለአብዛኞቹ ይሆናል። ፓምፕ ሲቀየር የመመለሻ ቱቦው ተነቅሎ ጀሪካን ውስጥ ይግባ፣ የማጠራቀሚያው ቀዳዳ ይደፈን፣ ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ይታጠብ፤ የአሮጌው ፓምፕ ብናኝ አዲሱን እንዳይበላ። አዲሱ ፓምፕ ከመታሰሩ በፊት ዘይት አፍስሳችሁበት ዘንጉን በእጅ አዙሩት፤ ደረቁን የተነሣ ፓምፕ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ይላጣል።