ሺህ ሰው ጥሎ መሸነፍ፦ ዳይነስቲ ዋሪየርስ ኦሪጅንስን ስትጫወቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዳይነስቲ ዋሪየርስን መጀመሪያ ያየሁት ሰፈራችን ውስጥ በነበረች ጠባብ ጌም ቤት ነው። ማሽኑ ፕሌይስቴሽን 2 ነበር። ሌላው ልጅ ሁሉ ኳስ ይጫወታል፤ እኔና ጓደኛዬ ጥጉ ላይ ባለችው ቴሌቪዥን ጥንታዊት ቻይናን እናምሳለን። ሜሞሪ ካርድ አልነበረም። በመጣን ቁጥር ከመጀመሪያው እንጀምራለን፣ ሁላኦ በር የሚባል ምሽግ ላይ እንደርሳለን፣ ሉ ቡ የሚባል ጉድ ይወጣና ይጥለናል። ከዚያ ሰዓታችን ያልቃል፣ ከፍለን እንወጣለን።

ኦሪጅንስን ስይዝ ያ ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ። ጌሙን ጨርሼ ሳስበው የምንሸነፈው ሁልጊዜ በአንድ ምክንያት ነበር። እኛ የምንመታው ወታደር ላይ እንጂ ጦርነቱ ላይ ዓይናችን አልነበረም። ዛሬም አዲስ ጀማሪዎች ሲጫወቱ የማየው ይህንኑ ነው።

ለማያውቀው ትንሽ ልበል። ተከታታይ ጌሙን የሚሠራው በጃፓኑ ኮኤይ ቴክሞ ሥር ያለው ኦሜጋ ፎርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የመጀመሪያው ጌም አንድ ለአንድ የሚገጥሙበት ነበር። አንድ ሰው ሺህ ወታደር መሃል ገብቶ የሚዋጋበት መልክ የመጣው በ2000 ከወጣው ከሁለተኛው ጀምሮ ነው። በ2025 የወጣው ኦሪጅንስ በቻይናው ሀን ሥርወ መንግሥት ማብቂያ ላይ ያተኩራል። በ184 ከተነሳው የባለ ቢጫ ጥምጥሞች ዐመፅ ይጀምርና በ208 በቀይ ገደል ጦርነት ያበቃል። የምትጫወቱት የኋላ ታሪኩን የማያስታውስ ተንከራታች ተዋጊ ሆናችሁ ነው።

ተራ ወታደር ላይ መጣበቅ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የጣላችሁትን ሰው የምትቆጥር ቁጥር ስክሪኑ ላይ አለች። 300፣ 500፣ 800 እያለች ስትሄድ ልብ ታሞቃለች። ኮምቦው፣ ማለትም የምታችሁ ተከታታይነት፣ እንዳይቋረጥ ብላችሁ እዚያው ቦታ ትሽከረከራላችሁ።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ጓደኛዬ ምሥራቅ በኩል ገብቶ ሰው እንደ ጤፍ ያጭዳል። ከታች ጽሑፍ ይመጣል፤ አንዱ ወዳጅ አዛዥ ተከብቤያለሁ ይላል። አላነበበውም። ሌላ ጽሑፍ መጣ፣ እሱንም ዘለለው። ቁጥሯ 1000ን ስታልፍ በደስታ ጮኸ። ወዲያው የወገን ዋና አዛዥ መውደቁ ተነገረ፤ ጦርነቱም አለቀ። የእሱ ደም፣ ማለትም የሕይወት መስመሩ፣ ግን ሙሉ ነበር። ምንም አልተነካም።

የጌሙ ሚስጥር ያለው ሞራል ላይ ነው። የወገን ሞራል ሲወርድ አብረዋችሁ ያሉት አዛዦች አንድ በአንድ ይወድቃሉ። ሲወጣ ደግሞ እናንተ በሌላችሁበት ግንባር ሁሉ ወደፊት ይገፋሉ። ሞራል የሚያነሳው የጠላት አዛዥ መውደቅና የምሽግ መያዝ ነው። ተራውን ወታደር መምታት ጥቅሙ ኃይል ለመሙላት ነው፣ መንገድ ለመክፈትም ይረዳል። ስለዚህ አንድ ምሽግ በያዛችሁ ቁጥር ካርታውን ክፈቱ። ወዳጅ ቀለም የቀነሰበት ቦታ የት ነው? ወደዚያ ፈረስ ጥሩ። በእግር መሮጥ ጊዜ ይበላል፤ እዚህ ጌም ላይ ደግሞ ጊዜ ማለት የሰው ሕይወት ነው።

ሉ ቡን ማሳደድ

የዚህ ጌም ወዳጆች በሙሉ የሚያውቁት ማስጠንቀቂያ አለ፦ ሉ ቡን አታሳድዱ። ማንም አይሰማም። እኛም አልሰማንም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለሁላኦ በር ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰውየው ማን እንደሆነ ማወቅ ጨዋታውን ያጣፍጠዋል። ዶንግ ዡኦ የሚባል ጨካኝ የጦር መሪ በ189 ዋና ከተማዋን ያዘ፣ ሕፃኑን ንጉሥ በእጁ አስገባ። ሉ ቡ ጌታውን ዲንግ ዩዋንን ገድሎ ወደ ዶንግ ዡኦ የዞረ ተዋጊ ነው። በ192 ደግሞ ዶንግ ዡኦን ራሱን ገደለ። ሁላኦ ላይ የጦር መሪው ሊዩ ቤይና ጓዶቹ ጓን ዩና ዣንግ ፌይ ሦስት ሆነው ሉ ቡን የገጠሙት ግጥሚያ የመጣው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ልቦለድ ነው። የታሪክ መዛግብት የዶንግ ዡኦን ጦር በሜዳ ያሸነፈው የሱን ቤት መሪ የነበረው ሱን ጂያን ነው ይላሉ። ጌሙ ግን ልቦለዱን መረጠ። ደግ አደረገ፤ ያ በር ሲከፈትና ያ ቀይ ፈረስ ሲወጣ የሚሰማችሁ ፍርሃት ሌላ ቦታ አይገኝም።

ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ራቁ። ሌላውን ግንባር አጽዱ፣ ሞራሉን አንሡ፣ የቀሩትን አዛዦች ጣሉ። የወገን ጦር ተሸንፎ እያለ ከእሱ ጋር መግጠም ማለት ብቻችሁን መግጠም ማለት ነው። ደማችሁን የሚሞላውን የሥጋ ዳቦም ለዚህ ሰዓት አቆዩት። ብዙ ሰው ትንሽ ጭረት ሲደርስበት ይበላና እውነተኛው ቀን ሲመጣ ባዶ እጁን ይቆማል።

ምት አለመመከት

በድሮዎቹ ጌሞች አንድ በተን ደጋግሞ በመምታት ብዙ መንገድ መሄድ ይቻል ነበር። በኦሪጅንስ አይሠራም። የጠላት አዛዦች ከደማቸው መስመር ሌላ የጽናት ምልክት አላቸው። ያ ሳያልቅ ብትቀጠቅጧቸውም አይንገዳገዱም። ጽናታቸውን በፍጥነት ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ምታቸውን በትክክለኛዋ ቅጽበት መመከት ነው። ጽናቱ ሲያልቅ አዛዡ ይዝላል፤ ያኔ ከባዱን ምት ታሳርፉበታላችሁ። አጠገቡ የቆሙት ወታደሮችም አብረው ይበተናሉ።

ቅጽበቷን ለመልመድ መሣሪያውን አትዩ። ትከሻውን እዩ። ጦሩ ገና ወደ ኋላ ሲሳብ የሚቸኩል ሰው ሁልጊዜ ይመታል፤ የመከላከያዋ በተን የምትጫነው ጦሩ ወደ ፊት ሲመለስ ነው። እኔ ይህን የለመድኩት ትንንሽ አዛዦች ላይ ነው፣ ሆን ብዬ ሳልመታ፣ መመከት ብቻ። ሁለት ምሽት ወሰደብኝ። ከዚያ በኋላ ጌሙ ሌላ ጌም ሆነ።

በመምታትና በመመከት የሚሞላውን የጀግንነት ኃይልም አታስቀምጡት። ልዩ ምቶች የሚወጡት በእሱ ነው፤ ስታወጡት ደግሞ ተመልሶ ይሞላል።

አንድ መሣሪያ ይዞ መቅረት

ጎራዴው መጀመሪያ ላይ ስለሚሰጥና ስለሚመች ብዙ ሰው እሱን ይዞ ይጨርሳል። ግን የገጸ ባሕርያችሁ ማዕረግ የሚያድገው በየመሣሪያው ባላችሁ ልምድ ነው። አንዱ ብቻ ሲያድግ እናንተ ትቆማላችሁ። ጦር፣ ዱላ፣ የብረት ጓንት፣ ሁሉንም ሞክሩ። ዱላው እጄ ላይ ከገባ በኋላ አልወጣም፤ ዙሪያውን ሲጠርግ ማየት ነው።

ክብሬ ተነካ ብሎ ከባዱን ደረጃ መምረጥ

ደረጃው በኋላ ይቀየራል። በመካከለኛው ጀምሩ።

ታሪኩን እየዘለሉ መሄድ

ንግግሩን ሁሉ በበተን የሚዘል ሰው ሳይ ያንገበግበኛል። የጦር መሪዎቹ ስም መጀመሪያ ይምታታል፤ ጻኦ ጻኦ፣ ሱን ቹዋን፣ ዩዋን ሻኦ እያሉ አእምሮ ይደክማል። ሆኖም የሚሰጣችሁ ጥቅም ከውበትም በላይ ነው። ታሪኩ የውጊያው ካርታ ነው።

የጓንዱን ጦርነት ውሰዱ። በ200 ዩዋን ሻኦ ከጻኦ ጻኦ እጅግ የበለጠ ጦር ይዞ መጣ። ጻኦ ጻኦ በጉልበት አልገጠመውም። ዉቻኦ የሚባለው ቦታ ላይ የተከማቸውን እህል አቃጠለበት። የተራበ ጦር ደግሞ አይዋጋም። ይህን የሚያውቅ ተጫዋች ጓንዱ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ወዲያው ስንቁን ይፈልጋል። ቀይ ገደልም እንዲሁ ነው። የሱን ቹዋን አዛዥ ሽማግሌው ሁዋንግ ጋይ እጄን ልሰጥ ነው ብሎ አታለለ፣ ነዳጅ የጫኑ ጀልባዎችን እያነደደ ወደ ጻኦ ጻኦ መርከቦች ሰደዳቸው። ከእነሱ ወገን ከሆናችሁ ሥራችሁ እሳቱ እስኪነሳ መጠበቅ መሆኑን ገና ሳትገቡ ታውቃላችሁ። ከጻኦ ጻኦ ወገን ከሆናችሁ ደግሞ ምኑን መፍራት እንዳለባችሁ።

ወገን ስትመርጡም ሊዩ ቤይ ደግ፣ ጻኦ ጻኦ ክፉ ብላችሁ አትጨርሱት። ጌሙ ለጻኦ ጻኦም ልብ ሰጥቶታል፤ ጊዜ ወስዳችሁ ከሱን ቤት ጋር ሦስቱንም ወገኖች አነጋግሩ።

መጀመሪያ ያገኙትን ፍጻሜ የመጨረሻ ማድረግ

አንድ ጊዜ ጨርሰው ዲስኩን የሚያወጡ አሉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ወገን ወደመረጣችሁበት ቦታ ተመልሳችሁ ሌላውን መያዝ ትችላላችሁ። ከዚያም በላይ፣ አንዳንድ ውጊያዎች ላይ የተወሰነ ነገር በጊዜ ካደረጋችሁ በታሪክ የሚሞቱ ሰዎች ይተርፋሉ፣ መጨረሻውም ይለወጣል። እኔ አሁን ከሱን ቤት ጋር ሦስተኛ ዙሬን ይዣለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ትናንት ማታ ደወለልኝ። ሁላኦ በር ላይ ደርሷል፤ ሉ ቡ ገና አልወጣም፣ እሱ ግን ካርታውን ከፍቶ ምዕራቡን እያጸዳ ነው።