ለእንቅልፍ ምርመራ ለምታድሩ

የእንቅልፍ ምርመራ ታዞላችሁ ከሆነ ትልቁ ጣጣ ፀጉር ነው። እንቅልፋችሁን የሚመዘግቡት ገመዶች የራስ ቆዳ ላይ ስለሚለጠፉ ቅቤ ወይም ቅባት ካለ ሌሊት ይላቀቃሉ፣ ንባቡም ይበላሻል። ታጥባችሁ ሳትቀቡ ሂዱ፤ ሹሩባ የተሠራችሁ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። የጥፍር ቀለምም አስለቅቁ፤ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በብርሃን ስለሚሠራ ቀለሙ ያሳስተዋል።

ከምሳ በኋላ ቡና ይቅር፣ የቀን እንቅልፍም። መድኃኒት ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይቋረጥ።

ገመዱን መግጠም ብቻ 45 ደቂቃ ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ የሜክሲኮን የማታ ታክሲ ሰልፍ አስልታችሁ ቀደም ብላችሁ ውጡ። ሽንት ቢመጣ ባለሙያውን ጥሩ፣ ዋናውን ገመድ ነቅሎ ይለቃችኋል። እንደ ቤት አለመተኛት ያለ ነው፤ የጥቂት ሰዓት እንቅልፍም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ትንፋሽ በጣም ከተቆራረጠ ሌሊት ቀስቅሰው የአየር ጭንብል ሊያደርጉላችሁ ስለሚችሉ አትደንግጡ።