ቡገንቪላዬ ቅጠል ብቻ ሲያወጣ ምን አደረግኩ

አጥር ላይ የተከልኩት ቡገንቪላ ሁለት ዓመት ሙሉ አላበበም። ሐረጉ ቆርቆሮውን አልፎ ሄዷል፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ አበባ ግን የለም። የራበው መስሎኝ ፍግ ጨመርኩ፣ ቀጥሎ ዩሪያ። ጭራሽ ባሰበት! ለካ ናይትሮጅን ሲበዛ የሚያፋፋው ቅጠሉን ነው። በየቀኑ ውሃ ማጠጣቴም አልጠቀመውም።

የሰራልኝ ይሄ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ረጃጅሞቹን ቅርንጫፎች አንድ ሦስተኛ ያህል ቆረጥኩ (እሾሁ ክፉ ነው፣ ወፍራም ጓንት አድርጉ)። ማዳበሪያውን አቆምኩ። ፀሐይ የከለለበትን ኮባ አነሳሁለት፣ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ውሃ የምሰጠው ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደረቅ ሲሆንብኝ ብቻ ነው፣ ያኔ ግን ጠግቦ እንዲጠጣ አደርጋለሁ። ኅዳር ላይ የቀንበጦቹ ጫፍ ቀላ። ያ ቀዩ ራሱ ቅጠል ነው፤ እውነተኛዋ አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት።